የአረር ሞልድ ከመግዛትህ በፊት ጠመንጃህን ጠይቀው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ደብዳቤዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። በአፈሙዙ ባሩድና አረር ጎርሶ የሚተኩሰው የድሮ ዓይነት ጠመንጃ አሜሪካ ውስጥ ዛሬም የራሱ የአደን ወቅትና የዒላማ ውድድር አለው። ወገኖቻችንም እየገቡበት ነው። አረሩን ራሳቸው አቅልጠው ማውጣት ሲያምራቸው ግን የመጀመሪያው ግራ መጋባት ሞልዱ ላይ ይመጣል፣ የቀለጠ እርሳስ ፈስሶበት አረር የሚወጣበት ቅርጽ ማውጫ ማለት ነው። ደብዳቤዎቹን እንያቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር አካባቢ ነው። የፈረንጆቹ ገና ካለፈ በኋላ የሚከፈተውን የባልጩት ጠመንጃ (ባሩዱን በባልጩት ፍንጣሪ የሚለኩሰው) የአጋዘን አደን የሥራ ባልደረባዬ አስለመደኝና የራሴን 50 ካሊበር ገዛሁ። አረር በካርቶን እየገዙ መተኮስ ግን አልጣመኝም፣ ራሴ ማውጣት እፈልጋለሁ። ሞልድ ስፈልግ 0.490 እና 0.495 የሚሉ አገኘሁ። ጠመንጃዬ 50 ከሆነ 0.500 የሚል ለምን የለም? ከሁለቱስ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ገና አትግዛ። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

50 ካሊበር ሲባል የበርሜሉ ውስጥ ስፋት ግማሽ ኢንች ነው ማለት ነው፣ 12.7 ሚሊሜትር። በርሜሉ ውስጥ አረሩን እያሽከረከሩ የሚያስወጡ የተጠማዘዙ ቦዮች ተቆርጠዋል። የሚለካውም ከቦይ ቦይ ሳይሆን በቦዮቹ መካከል ካለው ከፍታ ፊት ለፊቱ እስካለው ከፍታ ድረስ ነው። አረሩ ግን እርቃኑን አይገባም። ቅባት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚወርደው፣ ጨርቁ ደግሞ በግራም በቀኝም ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ አረሩ ከበርሜሉ ማነስ አለበት።

እስቲ እናስላው። 0.490 ኢንች አረር 0.015 ኢንች ውፍረት ባለው ጨርቅ ስትጠቀልለው ከዳር እስከ ዳር 0.520 ይሆናል። ይሄ ከ0.500 ይበልጣል፣ ታዲያ በየት በኩል ይገባል ብትል፣ ጨርቁ ከፍታዎቹ ላይ ይጨመቃል፣ ቦዮቹ ውስጥ ደግሞ ይዘረጋል። የቦዮቹ ጥልቀት በየጎኑ 0.010 ከሆነ ከቦይ እስከ ቦይ ያለው ስፋት ልክ 0.520 ነው፣ ጨርቁ ጥቅጥቅ ብሎ ሞላው ማለት ነው። ድቡልቡል አረር ቀጥ ብሎ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። እርሳሱ ራሱ ቦዩን አይነክሰውም። ቦዩን የሚነክሰው ጨርቁ ነው፣ አረሩን ይዞ የሚያሽከረክረው ጨርቁ ነው፣ የባሩዱን ጋዝ የሚያፍነውና አረሩን ከባሩዱ ላይ ሳይንሸራተት የሚይዘውም እሱ ነው። ሞልድ ስትመርጥ የምትመርጠው የአረሩንና የጨርቁን ጥምረት ነው፣ አረሩን ለብቻው አይደለም።

0.495 አረር በ0.010 ጨርቅ ብታደርገው 0.515 ይመጣል። እሱም ይሠራል። 0.495 በ0.015 ጨርቅ ግን 0.525 ነው። አፈሙዙ ላይ አጭሩን መግፊያ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ሊያስፈልግህ ነው። ዒላማ ተኳሾች እንዲህ ጠበቅ ያለውን ይወዱታል። በታኅሣሥ ብርድ ጣቱ ደንዝዞ ጫካ ውስጥ ሁለተኛ ጥይት ለማጉረስ የሚታገል አዳኝ ግን አይወደውም። አንተ አዳኝ ነህ፣ ስለዚህ ግምቴ 0.490 ነው። ግምት ነው ያልኩት ግን፣ ፋብሪካዎች 50 ብለው የሚጽፉባቸው በርሜሎች ሁሉ በሺህኛ ኢንች ሲለኩ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ የቦዮቹ ጥልቀት ደግሞ ከዚያም በላይ ይለያያል።

ስለዚህ ጠመንጃህን ጠይቀው። ሆርናዲ የሚባለው ጥይት ሠሪ ኩባንያ ሁለቱንም ልክ በካርቶን ይሸጣል፣ ከንጹሕ እርሳስ ተጨምቀው የተሠሩ ናቸው። አንድ አንድ ካርቶን ግዛ። ጨርቅ 0.010፣ 0.015 እና 0.018 ያዝ። ጥጥ ወይም ተልባ ይሁን፣ ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጣል። ጨርቁን በካሊፐር፣ ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ ጨመቅ አድርገህ ለካው፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመን። ከዚያ 50 ያርድ ላይ ጠመንጃውን ድጋፍ ላይ አሳርፈህ፣ ባሩዱን ሳትቀይር እያንዳንዱን ጥምረት አምስት አምስት ተኩስ። በየጥይቱ መካከል በርሜሉን ጥረገው፣ አለዚያ የሚለካው ጥላሸቱ እንጂ አረሩ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር፣ የተተኮሰውን ጨርቅ ሂድና ልቀመው። ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ታገኘዋለህ። ክብነቱን እንደያዘ፣ ጫፉ ትንሽ ተተልትሎ መሀሉ ሳይቀደድ ከተገኘ ጥምረቱ ጥሩ ነው። መሀሉ ተቃጥሎ ከተበሳ ጋዝ እየሾለከ ነው፣ ወይ ጨርቁ ይወፍር፣ ወይ አረሩ ይተልቅ፣ ወይ ቅባት ጨምር። በቀጥታ መስመር እንደ ተቆረጠ ካየኸው ደግሞ የበርሜሉ ከፍታዎች ገና ስለት ናቸው ወይም በጣም አጥብቀኸዋል። ከዒላማው ወረቀት ይልቅ ጨርቁን ነው ቀድሜ የምመለከተው። ወረቀቱ የት እንደመታህ ይነግርሃል፣ ጨርቁ ግን ለምን እንደሳትክ ያሳይሃል።

ጠመንጃው አንዱን ጥምረት ሲመርጥ ያኔ የዚያን ልክ ሞልድ ግዛ።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ፣ በርሜሉ ለድቡልቡል አረር የተሠራ መሆኑን። መጥረጊያ ዘንጉ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርገህ አስገባና ዘንጉ በበርሜሉ ውስጥ ሩብ ዙር ለመዞር ስንት ኢንች እንደሚሄድ እይና በአራት አባዛው፣ የአንድ ሙሉ ዙር ልክ ይሰጥሃል። 60፣ 66፣ 70 ከሆነ ድቡልቡል አረር የሚወደው ነው። 48 ከሆነ መካከለኛ ነው፣ በደንብ ይሠራል። 28 ወይም 20 ከሆነ ግን ለረጅም ጥይት የተሠራ በርሜል ነው፣ ባሩድ ስትጨምር ድቡልቡሉን አረር ዒላማው ላይ እዚህም እዚያም ይበታትነዋል፣ ሞልዱም ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ባለባልጩት ጠመንጃዎች ላይ ይሄ ብዙም አያጋጥምም፣ ግን አረጋግጥ።

ሲያጎርሱ ደግሞ አረሩ እስከ ባሩዱ ድረስ መውረድ አለበት። መሀል ላይ ክፍት ቦታ ከቀረ በርሜል ሊፈነዳ ይችላል። ዘንጉ ላይ ምልክት አድርግበት፣ በየጉርሱ እየው። ጥቁር ባሩድ ወይም ለእነዚህ ጠመንጃዎች ተብሎ የተሠራ ምትክ ብቻ ተጠቀም። የዘመናዊ ጥይት ባሩድ በፍጹም፣ በጥቂቱም ቢሆን አይገባም።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ሆከን የሚባለውን የድሮ አሜሪካ ጠመንጃ ቅጂ፣ 54 ካሊበር፣ በስጦታ ሰጠኝ። ልኩን አውቄዋለሁ፣ 0.530 ነው የሚስማማው። ያልገባኝ የአሉሚኒየሙ ሞልድ ይሻላል ወይስ የብረቱ፣ በአንዴ አንድ አረር የሚያወጣው ባለአንዱ ነው ወይስ ባለሁለቱ? የዋጋው ልዩነት ሰፊ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ ልኩን አስቀድመው ማወቅዎ ከባዱን ሥራ ጨርሰዋል ማለት ነው። የቀረው የምርጫ ጉዳይ ነው።

አሉሚኒየሙ በብዛት የሚገኘው ሊ ከሚባለው ኩባንያ ነው፣ ፋብሪካው ሃርትፎርድ፣ ዊስኮንሲን ነው፣ ለእርስዎም ሩቅ አይደለም። ባለሁለት ኳሱ ከነእጀታው ነው የሚሸጠው፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም የላይማንና የአርሲቢኤስ ኩባንያዎች የብረት ሞልዶች እጀታ ለብቻው ይገዛል፣ ዋጋውን ሲያወዳድሩ እሱን ደምረው ይዩት። አሉሚኒየም ቶሎ ይሞቃል፣ ለእጅ ይቀላል፣ አይዝግም። ድክመቱ ለስላሳ መሆኑ ነው። ሁለቱ ግማሾች መካከል ፍንጣሪ እርሳስ ገብቶ በኃይል ቢዘጉት ይጎዳል፣ በመዶሻ ቢመቱት ይበላሻል። ብረቱ ይከብዳል፣ ለመሞቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ከሞቀ በኋላ ግን ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛልና የሚወጡት አረሮች እርስ በርሳቸው በጣም ይመሳሰላሉ። ከዝገት ከጠበቁት ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ለአንድ ሰው የክረምት አደንና አልፎ አልፎ ለሚደረግ ዒላማ እኔ የምመርጥልዎ የአሉሚኒየሙን ባለሁለት ነው። ባለአንዱ ሥራውን ያጓትታል። ባለስድስቱ ደግሞ ይከብዳል፣ ብዙ እርሳስም በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ለእርስዎ አያስፈልግም። ብዙ የሚተኩሱ ከሆነና ከታች የሚያፈስ የኤሌክትሪክ ድስት ካለዎት ግን ብረቱን ቢይዙ አይቆጭዎትም።

የሚገዙት ምንም ይሁን ምን ሱቅ ውስጥ እያሉ ይክፈቱት። ሁለቱን ግማሾች ገጥመው ወደ ብርሃን ያዙት፣ በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ ይመልሱት። ከላይ ያለችው፣ ትርፉን እርሳስ የምትቆርጠው ሳህን ያለ ችግር ትዙር እንጂ አትወላለቅ። የአረሩ ጎድጓዳ ሁለት ግማሾች ጠርዝ ለጠርዝ መገናኘታቸውን በጥፍርዎ ይዳሱት። አንዱ ወደ ጎን ሸርተት ካለ አረሩ ክብ አይሆንም።

የድሮዎቹ የፔንስልቬንያ ጠመንጃ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱን ሞልድ ሠርተው አብረው ነበር የሚሰጡት። በርሜሉ በእጅ ነው የሚሠራው፣ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፣ ስለዚህ ገዢው የራሱን ሞልድ ይዞ ይሄዳል፣ የጠፋበት ሰው ችግር ላይ ነው። ዛሬ ፋብሪካ ልኮቹን አቀራርቦልናል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ያገለገለ ሞልድም አይናቁ። ከ1933 ጀምሮ ያለው ብሔራዊ የአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ ማኅበር ፍሬንድሺፕ፣ ኢንዲያና ውስጥ በሰኔና በመስከረም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትልቅ ውድድር ያደርጋል፣ ዙሪያውን ገበያ ይቆማል። ብረት ሞልድ ሲያዩ ጎድጓዳው ውስጥ የዝገት ጉድጓድ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ከውጭ የዛገ ይጠረጋል፣ ከውስጥ የተበላ ግን አይድንም።

ጥያቄ፦ ዳላስ ጎሚስታ ቤት እሠራለሁ። የተነሳ የጎማ ባላንስ በባልዲ አለ፣ ባለቤቱ ውሰድ ይለኛል። ከእሱ አረር ማውጣት እችላለሁ? ሞልዱ ላይ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞልድ ላይ የተጻፈው ልክ ምን ዓይነት እርሳስ እንደምታፈስበት ይወሰናል።

ንጹሕ እርሳስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በብረት መቆንጠጫ ጎማው ላይ የሚያያዘው ባላንስ አንቲሞኒ ስላለበት ጠንካራ ነው፣ የሚኮማተረውም ያነሰ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሞልድ የሚወጣው አረር በትንሹ ይተልቃል፣ ክብደቱ ደግሞ በትንሹ ይቀንሳል። ሺህኛ ኢንች ቀላል ሊመስልህ ይችላል፣ ጨርቅ በሺህኛ በሚለካበት ቦታ ግን ቀላል አይደለም። በጨርቅ ለሚጎረስ ጠመንጃ ጠንካራው አረር ቢተኮስም አይጎዳም፣ እርሳሱ ቦዩን አይነካማ። ለአደን ግን ለስላሳው ነው የሚሻለው፣ ሲመታ ይሰፋል። ለሪቮልቨር ሽጉጥ ደግሞ ጠንካራው ጭራሽ አይሆንም፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከባልዲው ለይ። በማጣበቂያ የሚለጠፉት ዝርግ ባላንሶች፣ የእርሳስ ከሆኑ፣ ለስላሳና ለንጹሕ የቀረቡ ናቸው። እነሱን ለብቻ አስቀምጥ። በጥፍርህ ስትጭረው የሚቦረቡር፣ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ድም የሚል ለስላሳ ነው። የሚያቃጭለውን ተወው። ዛሬ ብዙዎቹ ባላንሶች ብረት ወይም ዚንክ ናቸው። ብረቱ ይንሳፈፋል፣ ትጠርገዋለህ። ዚንኩ ግን አደገኛ ነው ለሥራው፣ እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ዚንክ በ419። ድስቱን ከመጠን በላይ ካላሞቅኸው ዚንኩ ሳይቀልጥ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በጭልፋ ታወጣዋለህ። አንዴ ከቀለጠና ከተቀላቀለ ያ ድስት እርሳስ እንደ ገንፎ ይጎረብጣል፣ ሞልድ አይሞላም።

የመኪና ባትሪ እርሳስ እንዳትነካ። አሲዱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ውስጡ አርሴኒክና አንቲሞኒ፣ በአዲሶቹ ደግሞ ካልሲየም አለ፣ የተጠረገው ቆሻሻ እርጥበት ሲያገኝ የሚገድል ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ነጻ ነው ብለው ቢሰጡህም እንቢ በል።

ንጹሕ የሚገኘው ከድሮ ቤት ጣሪያ የእርሳስ ልባስ፣ ከድሮ ቧንቧ፣ ከፈረሰ የኤክስሬይ ክፍል ግድግዳ ነው። ወይም በፓውንድ ትገዛዋለህ። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬይን ነው፣ የ0.490 ንጹሕ እርሳስ አረር ወደ 177 ግሬይን ይመዝናል፣ ስለዚህ ከፓውንዱ 39 ያህል ታወጣለህ። የ0.530ው 224 ግሬይን ያህል ነው፣ 31 ይወጣል። ክብደቱ ንጹሕነቱንም ይነግርሃል። የ0.490 ሞልድህ 170 ግሬይን የሚያወጣ ከሆነ ወይ እርሳሱ ድብልቅ ነው፣ ወይ አረሩ ውስጥ ባዶ ቦታ አለ።

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ በጀመረው ሥራ እኔም ገብቼበት አሁን አረሩን የማወጣው እኔ ነኝ። ሞልዱ አዲስ ነው፣ ግን የሚወጡት አረሮች የተጨማደዱ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ጎናቸው አልሞላም። ሞልዱ ተበላሽቶ ይሆን? ሁለት ትንንሽ ልጆችም አሉን፣ እሱም ያሳስበኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሞልዱ ደህና ነው፣ አልሞቀም ነው። ወይም የፋብሪካ ዘይቱ ገና አልወጣለትም። አዲስ ሞልድ ከዝገት መከላከያ ዘይት ጋር ነው የሚመጣው። በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ እሺው፣ ከዚያ ፍጹም አድርቂው። ቀጥሎ ጎድጓዶቹን በክብሪት ወይም በላይተር ነበልባል ጥላሸት አልብሻቸው፣ ስስ ይሁን። እርሳሱ በደንብ ይሞላል፣ አረሩም በቀላሉ ይወድቃል።

ሙቀቱን በተመለከተ ምጣድ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይከብደውም። የመጀመሪያዎቹ እንደሚበላሹት እንጀራዎች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ አረሮችም ወደ ድስቱ ይመለሳሉ። ሞልዱን ድስቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጠሽ አሙቂው፣ ከዚያ ሳታቋርጪ አፍሺ። እርሳሱ ከ370 እስከ 425 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ይሁን። የተጨማደደ ከሆነ ቀዝቅዟል፣ ጭጋግ እንደነካው ነጣ ያለ ከሆነ ግሏል፣ ትንሽ ጠብቂ። የሚፈለገው የሚያብለጨልጭ ለስላሳ ነው። ስታፈሺ ከላይ ያለችው ሳህን ላይ ትንሽ ጉብታ ይተረፍ፣ አረሩ ሲኮማተር ከዚያ ይስባል። ያቺን ጉብታ ከነፈግሽው አረሩ ከውስጥ ይቦረቦራል። ጉብታው ጠጥሮ ቀለሙ እስኪለወጥ ሳህኑን አትክፈቺ። አረሩ አልወድቅ ካለ የእጀታውን መገጣጠሚያ በእንጨት መታ አድርጊ፣ ሞልዱን ራሱን በጭራሽ። የሚወድቀው የታጠፈ ፎጣ ላይ ይሁን፣ ትኩስ እርሳስ ተጋጭቶ ይሰረጎዳል።

ሁሉንም መዝኚ። ከሌሎቹ ከአንድ ሁለት ግሬይን በላይ የቀለለውን መልሰሽ አቅልጪው። ከላይ የተቆረጠችው ጠፍጣፋ ቦታ ስታጎርሱ ወደ ላይ፣ መሀል ለመሀል ትሁን። በዓይን ስለምትታይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ።

ወደ ልጆቹ ልምጣ፣ ከሞልዱ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፣ ጉዳቱ አይመለስም። አደጋው በአብዛኛው ከድስቱ ጢስ ሳይሆን ከእጅ፣ ከልብስና ከአቧራ ነው የሚመጣው። ከላይ የሚጠረገው ግራጫ ብናኝ በጣም መጥፎው ነው፣ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀምጪው፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይቀላቀል። ሥራው ውጭ ይሁን፣ ነፋስ ከጀርባሽ። ኩሽና ውስጥ በፍጹም አይሆንም። የማቅለጫው ድስትና ጭልፋ ለምግብ አይመለስም። ለዚህ ብቻ የሚሆን ልብስና ጫማ ይኑርሽ፣ ቤት ሳትገቢ አውልቂው፣ ለብቻ እጠቢው። ሥራው ላይ ቡናም ውሃም አይጠጣም። እጅሽን በሳሙና ደህና አድርገሽ ሳትታጠቢ ልጅ አታቅፊ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለባለቤትሽ ተዪለት፣ እሱም ጥንቃቄውን ይጠብቅ። ለልጆቹ ሐኪም ንገሪው፣ የደም ምርመራው ቀላል ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ2021 ጀምሮ ለልጆች የሚጠቀምበት የማስጠንቀቂያ መነሻ 3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው፣ ምንም ችግር የሌለው የሚባል መጠን ግን የለም።

ውሃ! አንዲት ጠብታ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ከገባች በቅጽበት እንፋሎት ሆና ድስቱን ወደ ፊትሽ ትረጨዋለች። ዝናብ ያካፋል ከተባለ አትጀምሪ። ሲያልብሽ ድስቱ ላይ አትጎንበሺ። ድስቱ ላይ አዲስ እርሳስ ስትጨምሪ ደረቅና የሞቀ ይሁን። ሙሉ መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የተሸፈነ ጫማ። ነጠላ ጫማ አድርጎ እርሳስ ማቅለጥ የለም።

ጥያቄ፦ ያለኝ ጠመንጃ ሳይሆን የ1858 ሬሚንግተን ሪቮልቨር ቅጂ ነው፣ 44 ካሊበር። ለዚህም ከካሊበሩ ያነሰ ሞልድ ነው የምፈልገው?

መልስ፦ የለም፣ ይሄ ተቃራኒው ነው። ሪቮልቨር ጨርቅ የለውም። አረሩ ከሲሊንደሩ ቀዳዳ በትንሹ ይበልጣል፣ በማጎረሻው ዘንግ ሲጫን ዙሪያውን ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተላጭቶ ይቀራል። ያ ቀለበት በየቀዳዳው ሙሉ ሆኖ ከወጣ ልኩ ትክክል ነው፣ አረሩ ጠብቆ ይቀመጣል፣ ሌላው ሲተኮስ በንዝረት ወደ ፊት አይወጣም። ለ44 ካሊበር ቅጂዎች የተለመዱት 0.451 እና 0.454 ናቸው። 0.451 ሙሉ ቀለበት ካልሰጠህ ወደ 0.454 ሂድ። ኔቪ ለሚባለው 36 ካሊበር ሪቮልቨር 0.375 ነው፣ ሩገር ኦልድ አርሚ ለሚባለው ደግሞ 0.457። እርሳሱ ንጹሕና ለስላሳ ብቻ ይሁን፣ ጠንካራው የማጎረሻውን ዘንግ ያጣምማል፣ ይሰብረዋልም። የዳላሱ ወንድማችን ባልዲ ለአንተ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ነኝ። እዚህ አቅልጬ ባወጣሁት አረር ማደን እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለማንኛውም አደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች፣ በአፈሙዝ የሚጎርሰውም አይቀርለትም። ምክንያቱ እርሳስ ያለበትን ሬሳ የሚበሉት አሞሮች፣ በተለይ ኮንዶር የሚባለው ትልቁ፣ እየተመረዙ መሞታቸው ነው፣ ክልከላውም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዒላማ ብቻ ከሆነ የምትተኩስበትን ሜዳ ደንብ ጠይቅ። ለአደን ከሆነ ከእርሳስ ሌላ በሆነ ብረት የተሠራ ተስማሚ አረር ፈልግ እንጂ ሞልድ ላይ ገንዘብ አታውጣ። የሌላ ግዛት ነዋሪዎችም ብትሆኑ የካሊበር ትንሹን ልክና የተፈቀደውን የአረር ዓይነት በየዓመቱ ከሚወጣው የግዛታችሁ የአደን መመሪያ እዩ፣ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጎንደር ነው። የቅድመ አያቴ ባሩድ ጎራሽ ጠመንጃ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሞልድ ልላክልህ፣ ልኩን ለካልኝ ይለኛል። እንዴት ነው የምለካው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትለካው፣ ሞልዱም አይላክ። ኢትዮጵያ ውስጥ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ጥይት ቤት ውስጥ መሥራት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ወንድምህ እዚያ የሚያደርገው እዚያ የተፈቀደለት ነው፣ እዚህ ግን አንተንም እሱንም ችግር ውስጥ ይከታል። ጠመንጃው የቤተሰብ ቅርስ ነው፣ በአካባቢህ ላለው ፈቃድ ሰጪ የጸጥታ አካል አሳውቀህ በሕጋዊ መንገድ ያዘው።

ደግሞ በዚያ ዕድሜ ያለ በርሜል ከውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ ቢያምርም አይተኮስበትም።

አሁኑኑ የምታደርገው አንድ ነገር ግን አለ። እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች ብዙ ጊዜ ከነጉርሳቸው ነው የሚሰቀሉት፣ ያጎረሰው ሰው ሞቶ ባሩዱ እዚያው ይቀራል። ልጆች አውርደው እንዳይጫወቱበት አድርግ። ማንም ቃታውን አይሳብ፣ አፈሙዙን ወደ ሰው አያዙር፣ ውስጡን በእሳት ወይም በጋለ ብረት ለማጽዳት አይሞክር። የጥቁር ባሩድ ዕድሜ ረጅም ነው፣ ረጥቦ እንኳ ሲደርቅ መልሶ ይቀጣጠላል። የጎረሰ መሆን አለመሆኑን መርምሮ የሚያወጣው መሣሪያ የሚያውቅ የፖሊስ ባለሙያ ይሁን፣ ስታሳውቃቸው ይሄንንም አብረህ ጠይቅ።